ላብ ሁሉ አንድ አይደለም

«ግፊት አለብህ» የተባለ ሰው ከጤና ጣቢያ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክር ይዞ ይወጣል፤ ጨው ቀንስ፣ እንቅስቃሴ አድርግ። የመጀመሪያው ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ብዙ ሰው ሲያደናግር ይታያል። አንዱ «ደሜ እንዳይነሣብኝ» ብሎ ከናካቴው መንቀሳቀሱን ይተዋል። ሌላው ጂም ይመዘገብና በመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ብረት ያነሣል። ሦስተኛው፣ ቁጥሩ የሚበዛውም እሱ ይመስለኛል፣ «እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ስለፋ ነው የምውለው፤ ስፖርቴ ሥራዬ ነው» ይላል። ሦስቱም የሳቱት ነገር ተመሳሳይ ነው። እንቅስቃሴ በደም ሥር ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንደ ክብደቱ፣ እንደ ርዝመቱና እንደ አተነፋፈሳችን ይለያያል።

መለኪያው 120 በ80 ሲል የላይኛው ቁጥር ልብ ጨምቃ ደም ስትረጭ ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው ደግሞ ልብ በምታርፍበት ቅጽበት ያለው። ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ የላይኛው ከፍ ይላል። የታችኛው ግን ባለበት ይቆያል ወይም ትንሽ ይወርዳል፤ የእግር ጡንቻ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ለደሙ መንገድ ይከፍቱለታልና። ይህ መነሣት የሚፈራ አይደለም፤ እንዲያውም የሚጠቅመው እሱ ነው። ሐኪሞች አርተሪ የሚሉት ደም ወሳጅ ሥር እንደ ኮት ውስጠኛ ገበር አለው። ደሙ ፈጥኖ ሲያልፍ ይህን ገበር ያሸዋል፤ ገበሩም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ የሥሩን ጡንቻ ያላላዋል፣ ሥሩም ይሰፋል። ይህን አሠራር የደረሱበት 3 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሰውየው እርምጃውን ጨርሶ ሲያርፍ ግፊቱ ከመነሻው ዝቅ ይላል፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ድረስ በዚያው ይቆያል። ሐኪሞች «በሳምንት አንዴ ብዙ» ከማለት ይልቅ «አብዛኛውን ቀን ትንሽ ትንሽ» የሚሉት ለዚህ ነው። የትናንቱ እርምጃ ውጤት ሳያልቅ የዛሬው ይደርሳል።

ከባድ ዕቃ ማንሣት ሌላ ታሪክ አለው። ኩንታል ለማንሣት የሚዘጋጅን ሰው አስተውሉት፤ ሆዱን ወጥሮ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፊቱ ቀልቶ ነው የሚያነሣው። እ.ኤ.አ. በ1985 የካናዳ ተመራማሪዎች 5 ጡንቻ ገንቢዎች በሁለት እግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ በክንዳቸው ደም ወሳጅ ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ለክተዋቸዋል። አማካዩ 320 በ250 ሆነ፤ ከመካከላቸው አንዱ 480 በ350 ደረሰ። ጤነኛ ወጣት ለጥቂት ሰኮንድ ይህን ይችለዋል። ግፊቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ፣ ሥሩ የሳሳ የ55 ዓመት ሰው ግን ይህን መሞከር የለበትም። ጂም መግባት ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። በቀላል ክብደት ደጋግሞ መሥራት ግፊትን ይቀንሳል፤ ሲያነሡ ትንፋሽን ማውጣት፣ ሲያወርዱ መሳብ ነው። በጥቂት ጥናቶች ላይ ከባድ ብረት ብቻ የሚያነሡ ወጣቶች ትልልቅ ደም ሥሮቻቸው ጠንከር ብለው ስለተገኙ፣ ብረት የሚወድ ሰው እርምጃ ወይም ሶምሶማ ቢጨምርበት ይሻለዋል።

መካከለኛ የሚባለው የትኛው ነው? መሣሪያ አያስፈልግም። ከጓደኛዎ ጋር እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ ግን መዝፈን ካቃተዎት፣ መካከለኛ ላይ ነዎት። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው አየር መሳብ ካስፈለገዎት ከባዱ ውስጥ ገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። እንቅስቃሴው በከበደ ቁጥር ግፊቱ ያንኑ ያህል አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ የወጣ፣ 270 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ እንደ እርምጃና ሩጫ ያለው እንቅስቃሴ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ4.5 ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በከፍተኛ ፍጥነትና በእረፍት እየተፈራረቀ የሚሠራው ደግሞ በ4 ገደማ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ደግሞ በእርምጃና በሶምሶማ ከ5 እስከ 8 ሊወርድላቸው ይችላል። ከሁሉም የበለጠው፣ 8 ያህል የቀነሰው፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻውን ወጥሮ የሚቆይበት ነው፤ ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበትን አጥፎ መቆየት። የተለመደው 2 ደቂቃ ቆይቶ 2 ደቂቃ ማረፍ፣ ይህንኑ 4 ጊዜ መድገም፣ በሳምንት 3 ቀን ነው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ ሊሠራ ይችላል። በሚሠራበት ጊዜ ግን ግፊትን ስለሚያስነሣ ትንፋሽ መያዝ አይገባም፤ ግፊቱ በሕክምና ያልተረጋጋ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው።

ፍጥነት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የደም ሥሩ ገበር የመላላት አቅም በከባዱ ልምምድ ከመካከለኛው ይልቅ ተሻሽሏል፤ የልብም ብርታት እንዲሁ። መካከለኛውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስፖርት የማያውቁ ጎልማሳና አረጋውያን ወንዶች ለ3 ወር አብዛኛውን ቀን በእግር ሲሄዱ የአንገታቸው ደም ወሳጅ ሥር የመለጠጥ አቅም በሩብ ያህል ጨምሯል። እንደኔ ከሆነ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት እርምጃ፣ ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ ሶምሶማ። ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ዘቢደር ተራራ የሚያወጣው ዳገት ሰው ሳይሮጥ ከባዱን ደረጃ ያስቀምሰዋል።

አሁን «ስፖርቴ ሥራዬ ነው» ወደሚለው ወንድሜ ልመለስ። ኮፐንሃገን ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚንቀሳቀሱት የልብ ሕመምና ሞት ሲቀንስላቸው፣ በሥራ ላይ ብዙ ጉልበት የሚያወጡት ግን እንዲያውም እንደሚጨምርባቸው አግኝቷል። የሚሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ሸክም ቀኑን ሙሉ ግፊትን ከፍ አድርጎ ያቆያል፣ ማረፊያ አይሰጥም፣ ልብንም እንደ ሩጫ አያሠለጥንም። እንሰት ስትፍቅ የዋለች እናት ደክሟታል፤ ልፋቷ ግን የ30 ደቂቃ እርምጃን አይተካላትም። ይህን ስል እየከፋኝ ነው፤ ጊዜ የሌላት እሷው ናትና።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ተቀምጦ የሚውለው አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አወዳድሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደረጃ የሚወጡት የሚወርዱት ትኬት ቆራጮች ከተቀመጡት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም ነበራቸው። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ የሚመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ ባጃጅ ላይ ከንጋት እስከ ምሽት የሚቀመጡ ልጆች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመስቀል ሰሞን ነው። ዓመቱን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ የተቀመጠ ነጋዴ ለበዓሉ አገር ቤት ይገባል፤ በክትፎና በንጥር ቅቤ ማግስት ፋስ ያነሣና ግንድ ይፈልጣል። ቦስተን ውስጥ በተመራ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ጥናት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ የማይንቀሳቀስ ሰው ድንገት ከባድ ጉልበት ባወጣ በሰዓቱ ውስጥ በልብ ሕመም የመመታት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ 107 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በሳምንት 5 ቀንና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሰው ላይ ግን 2.4 እጥፍ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለው አደጋ በራሱ ትንሽ ስለሆነ ሰው ፋስ አይፈራ፤ ከነሐሴ ጀምሮ መራመድ ግን ይጀምር።

ጫትም መነሣት አለበት። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የነዋሪውን ጤና ሲከታተል ኖሯል። በዚያው በቡታጅራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት፣ ዘወትር ጫት ከሚቅሙት ከ100ው 30 ያህሉ የታችኛው ግፊታቸው ከ80 በላይ ሲሆን፣ ከማይቅሙት ግን 21 ያህሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ጫት በራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ያስነሣል። ቅሞ ተነሥቶ ኳስ ሜዳ መግባት በተነሣ ግፊት ላይ ሌላ ግፊት መጨመር ነው፤ አይደረግ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ አብዛኞቹም መድኃኒት አልጀመሩም። ስለዚህ ከመሮጥ በፊት መለካት ይቅደም። ተቀምጠው የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ መጀመሪያ ሕክምና ነው። የላይኛው ከ160 በላይ ከሆነ እስኪረጋጋ ድረስ ከባዱን መተው ይገባል። አቴኖሎልን የመሰለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የልብ ምቱን በመቁጠር አይመራ፤ መድኃኒቱ ምትን ያዘገያል፣ የማውራት መለኪያው ይሻለዋል። ደረትን መጭመቅ፣ ራስ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የጉራጌ መንደር ጀፎረ አለው፤ በሣር የተሸፈነ፣ ሰፊ፣ አባቶች ለጋራ ብለው ያቆዩት ጎዳና። የገና ጨዋታም ፈረስ ግልቢያም ሲደረግበት ኖሯል። ለእግር ከአስፋልት ይለሰልሳል፣ ክፍያም የለውም። ጀፎረ አጠገባችሁ ያለ ሰዎች ማለዳ ወይም ጀምበር ስታዘቀዝቅ 30 ደቂቃ ተራመዱበት፤ እናቶቻችሁንም ከሥራቸው ላይ አንዱን ተቀበሏቸውና ይዛችኋቸው ውጡ።