ፊቱን ወደ ደጅ ያዞረ ቬንትሌተር

ግንቦት ላይ ከወልዲያ ተነስቶ፣ ጎብዬን አልፎ ሮቢት የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ቬንትሌተር። ውሃው ጥላ ስር ከዋለ ጀሪካን ይቀዳለታል። ቬንትሌተሩ ደግሞ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቶ፣ በሩ ተቀርቅሮ፣ ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለውን አየር ከግድግዳ ግድግዳ እያላጋ ይጠብቀዋል። በራያ ቆላ ብዙ ቤት አድሬያለሁ፤ ይህን ያላየሁበት ቤት ጥቂት ነው። እቃውን ከልቤ እወደዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታው ሲውል ሳይ ቅር ይለኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሞተር፣ ሦስት ወይም አምስት ክንፍ፣ የሽቦ ክዳን፣ እግር። ነጋዴው «ባለ 16» የሚለው፣ ማለትም ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከ50 እስከ 60 ዋት ገደማ ይወስዳል። ሌሊቱን 8 ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም፤ ትንሽ የሚባለው ኤር ኮንዲሽነር ይህን ያህል በአንድ ሰዓት ይጨርሳል።

ፈረንጆች ለመስኮት ብቻ የተሠራ ቬንትሌተር አላቸው፤ ሁለት ትንንሽ ክንፎች ጎን ለጎን አንድ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡበት። ወደ ላይ እየተንሸራተተ የሚከፈት መስኮት ላላቸው አሜሪካውያን የተበጀ ነው። የእኛ የብረት መስኮት እንደ በር በማጠፊያ የሚከፈትና ፍርግርግ ያለው ስለሆነ ያ ሳጥን መቀመጫ አያገኝበትም። ዘመድ ከዚያ ቢልክላችሁም የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው፤ እንዲሁ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ያቃጥላል። ስለዚህ እዚህ የማወራው ማንኛውም ሱቅ ያለውን ባለ እግር ወይም የጠረጴዛ ቬንትሌተር መስኮት ፊት አቁሞ ስለማሠራት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፤ ቬንትሌተር አየር አያቀዘቅዝም። በተዘጋ ክፍል ቴርሞሜትር ሰቅላችሁ አንድ ሰዓት ብታስነሱት ቁጥሩ አይወርድም። የሚወስደው መብራት መጨረሻው ሙቀት ሆኖ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ጥቂት ይጨምራል። የሚቀዘቅዘው ሰው ነው። ነፋሱ ላብን ከቆዳ ላይ ቶሎ ያተነዋል፣ ላቡም ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። «ቤቱ ይቀዝቅዝ» ብሎ ባዶ ክፍል ውስጥ አብርቶ ገበያ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። እባካችሁ ስትወጡ አጥፉት።

ቤት የሚያቀዘቅዘው ነገር ያለው ደጅ ነው፤ ራያ ደግሞ በዚህ የታደለ ቆላ ነው። የቆቦ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትርን ያልፋል። ቀኑ ቢያቃጥልም ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሌሊት ቶሎ ይበርዳል። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ ዞብል ቆመዋል፤ ማታ ማታ ተራራው ላይ የበረደው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ደጅ የወጣ ሰው ይህን በፊቱ ያውቀዋል። ቤቱ ግን ገና ነው። ቆርቆሮው ቶሎ ቢበርድም በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታፈነው አየር አልወጣም፣ የብሎኬቱ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋል። ደጁ ነፋሻ፣ ቤቱ ምድጃ የሚሆነው ለዚህ ነው። አልጋቸውን ግቢ አውጥተው የሚተኙ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። ለእኛ ቤት ውስጥ ለምናድረው የቀረው ያንን የደጅ አየር ማስገባት ነው።

ይህን ያወቅሁት ሮቢት አስፋልቱ ዳር ሳሎንና መኝታ ተከራይቼ በከረምኩበት ጊዜ ነው። ቬንትሌተሬን መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ፣ ከደጅ እንዲስብ አቆምኩት። አከራዬ አላስቀመጡኝም።

«ልጄ፣ መስኮት ከፍተህ፣ በዚያ ላይ ነፋስ ለቀህበት ትተኛለህ? ብርድ ይምታህ ብለህ ነው?»

«እትዬ፣ ሙቀቱ አላስተኛ አለኝ።»

«አብሽር፣ ይለመዳል» አሉና መስኮቱን በእጃቸው ዘጉልኝ።

ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወልዲያ በተጓዝኩባቸው አውቶቡሶች ሁሉ አንድ ሰው መስኮት ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው! ብርድ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሕፃን ያዘለች እናት ካለች ደግሞ መኪናው በሙሉ ይቆጣል። ስድሳ ሰው ተዘግቶ እርስ በርሱ ሲተነፋፈስ ይውላል፤ አንዱ ያስላል፣ ሌላው ያስነጥሳል፤ ሲደርሱ የታመመው ሰው «በዚያች መስኮት ብርድ ገባብኝ» ይላል። ቋንቋችንም ያግዘዋል፤ ኒሞኒያን የሳንባ ምች ብለን ስለሰየምን መንስኤው አየር ላይ ያለ ይመስለናል። የሳንባ ምች የሚመጣው ከተሕዋስያን ነው። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ። ሮበርት ኮህ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው በመጋቢት 1882 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ባክቴሪያ በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ለሰዓታት ተንሳፍፎ ሊቆይ ይችላል። አየሩ ሲለወጥ ይሳሳል፣ ይወጣል። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ጫና የበዛባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ መስኮት ስንዘጋ የምንዘጋው በሽታውን ከውስጥ ነው።

ፔሩ፣ ሊማ ውስጥ በ8 ሆስፒታሎች የተሠራና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ በጣም ነው የምወደው። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ ለኩ፤ በማሽን አየር እንዲለወጥባቸው ከተሠሩት ዘመናዊ ክፍሎች የበለጠ ማለት ነው። ከሁሉ የበለጡት ደግሞ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆኑት አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ አስታማሚነት በጻፈችው መጽሐፍ ከሁሉ በፊት ያስቀመጠችው ይህንኑ ነው፤ የበሽተኛው አየር የደጁን ያህል ንጹሕ ይሁን፣ በሽተኛው ግን አይብረደው።

ሁለተኛው ግማሽ አይረሳ። አከራዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሌሊቱን ሙሉ ፊት ላይ የሚነፋ ቬንትሌተር ጉሮሮና አፍንጫ ያደርቃል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ አንገት ገትሮ ያሳድራል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በተዘጋ ክፍል ቬንትሌተር አብርቶ የተኛ ሰው ይሞታል የሚል እምነት ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ነፋስን የምንፈራው እኛ ብቻ አይደለንም። ታዲያ ቤቱ አየር እንዲያገኝ፣ ሰው ግን ነፋስ እንዳይመታው ምን ይደረግ?

አዙሩት። ቬንትሌተሩ ጀርባውን ለእናንተ፣ ፊቱን ለደጅ ይስጥ።

እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። ቬንትሌተሩን ከመኝታ ቤት አውጥቼ ሳሎን ውስጥ፣ አስፋልቱን በሚያየው መስኮት ፊት ጠረጴዛ ላይ አቆምኩትና ወደ ውጭ እንዲነፋ አደረግሁ። የሳሎኑን ሌላ መስኮትና የውጭውን በር ዘጋሁ። የመኝታ ቤቱን በር ከፈትኩ፤ በጓሮ በኩል ያለውን የመኝታ ቤት መስኮት ብቻ ከፍቼ ተውኩት። ቬንትሌተሩ ከሳሎን አየር ሲያስወጣ የወጣው መተካት አለበት፤ የሚተካበት ቀዳዳ ደግሞ ያ አንድ መስኮት ብቻ ነው። የጓሮው ቀዝቃዛ አየር ቀስ ብሎ በአልጋው ላይ አልፎ፣ በሳሎን አድርጎ፣ ሙቀቱን ይዞ አስፋልት ላይ ወጣ። ድምፁ ሌላ ክፍል ነው፤ ነፋሱ ማንንም አይመታም። አከራዬ መጥተው ቆመው ቆመው «ይሄማ ነፋሱ ወደ ውጭ ነው» አሉና ሄዱ። ለእሳቸው ጉዳዩ እዚያ ላይ አበቃ።

እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ የዕጣን ማጨሻ ይበቃል። ዕጣኑ እየጨሰ መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ያዙት፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከገባ መንገዱ ትክክል ነው። ከዚያ ሳሎን ይዛችሁ ሂዱና ቬንትሌተሩ ከቆመበት መስኮት ጥግ ላይ ያዙት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይታያል። ቬንትሌተሩ ከፍርግርጉ ጋር ከተጣበቀ በመሃል ያወጣል፣ በጥጉ በኩል ግን አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ ታዩታላችሁ። ከመስኮቱ ከአንድ እስከ ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ስትስቡት ነፋሱ እየሰፋ ሄዶ መስኮቱን ይሞላዋል፣ በመንገዱም ዙሪያውን ያለውን አየር አብሮ እየጎተተ ያወጣል። ጭሱ ከጥግ እስከ ጥግ ወደ ደጅ እስኪሄድ ድረስ ቬንትሌተሩን ወደፊትና ወደኋላ አድርጉት። እኔ ቤት አንድ ክንድ ተኩል ሆነ፤ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሞቃት አየር ላይ ላይ ስለሚቀመጥም ከወለል ይልቅ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ሒሳቡም ያምራል። ባለ 16ቱ በደቂቃ ከ50 ሜትር ኩብ በላይ አየር ያንቀሳቅሳል። ሩቡ ብቻ በመስኮቱ ወጣ እንበል። አራት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ ነው፤ አየሩ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ውስጥ ተለወጠ ማለት ነው። ግድግዳው ግን በአየር ፍጥነት አይበርድም፤ ብሎኬቱ የጠጣውን እስኪተፋ ሰዓታት ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ መልሶ ወደ ራሱ የሚያዞር ሰው ትዕግሥት የለውም።

ነፋሱ ከየት እንደሚመጣም ተመልከቱ። የደጁ ነፋስ በሚገባበት በኩል መስኮት ክፈቱ፣ በሚወጣበት በኩል ቬንትሌተር አቁሙ። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ሃምሳ ዋት ይዛችሁ ከተራራ ነፋስ ጋር መታገል ነው።

ደግሞ ይህ በጣም ጥብቅ ነው፦ አየር የሚገባበት በኩል ምድጃ ወይም ከሰል አይኑር። ወደ ውጭ የሚነፋ ቬንትሌተር የጓዳው በር ክፍት ከሆነ የጓዳውን ጭስ ስቦ አልጋችሁ ላይ ያመጣዋል። ቡና ተፈልቶ ፍም ያለበትን ምድጃ ቤት ውስጥ ትቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ «ቬንትሌተር አለ» ብሎ መተኛት ደግሞ ሰው ይገድላል። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ያማስለዋል እንጂ አያወጣውም። ከሰሉን ወደ ደጅ አውጡት፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የደጁ ሙቀት ከቤቱ ሲበልጥ መስኮት ዝጉ፣ መጋረጃ ጣሉ፤ ሌሊት ያጠራቀማችሁትን ቅዝቃዜ ጠብቁት። ያን ጊዜ ቬንትሌተሩ ወደ ሰው ይዙር። ሙቀቱ የቆዳችንን ሙቀት፣ ማለትም 35 ዲግሪ ገደማውን፣ ካለፈ ደረቅ ነፋስ ብቻውን እምብዛም አይረዳም፤ ነጠላ ውሃ ነክሮ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ግን በራያ ደረቅ አየር ድንቅ ይሠራል።

ወባ ያለበት አገር ነውና አየር የሚገባበት መስኮት ወንፊት ይኑረው፤ አጎበሩም አይነሳ። ወንፊት የአየሩን ጉልበት ስለሚቀንስ መስኮቱን ሰፋ አድርጎ መክፈት ይክሰዋል።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አስነሱትና በአንደኛው ማርሽ ስሙት፤ የሚንቀጠቀጥ እግር ዕድሜውን ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑ፤ ሞተሩ የቀለለ ቶሎ ይግላል። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል፣ ቮልቱ ሲያንስ፣ እያቃሰተ የሚዞረውን አጥፉት። እያጉረመረመ መነሳት ካቃተውና በእጅ ገፋ ሲደረግ ከዞረ ብዙ ጊዜ የሞተው ካፓሲተሩ ነው፤ በትንሽ ብር ይለወጣል፣ እቃው አይጣል።

የራያ አቧራ ክንፉ ላይ ሲከመር ነፋሱ ይደክማል። ሶኬቱን ነቅሎ፣ የሽቦውን ክዳን ፈትቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ በወር አንዴ መጥረግ ነው። ባለፈው ሰኔ በሮቢት ሳልፍ አከራዬን ልጠይቅ ወረድኩ። ሳሎናቸው መስኮት ላይ አንድ አዲስ ቬንትሌተር ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ቆሟል። የመኝታ ቤታቸው ወንፊት ታጥቦ ጓሮ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።