መድኃኒቱ የተለካው በማን አካል ነው?

ለሳልና ለሕመም ማስታገሻነት የሚታዘዘው ኮዴይን ለአሥርተ ዓመታት ቀላል መድኃኒት ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል። ለአንዳንድ ሰዎች ግን የተለመደው መጠን እንኳ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ምርምር አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል።

ኮዴይን በራሱ ኃይሉ ደካማ ነው። ሕመም የሚያስታግሰው በጉበት ውስጥ የሚገኝ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ከእናትና ከአባቱ አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ተጨማሪ ቅጂ ያላቸው ሰዎች ግን ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ስለሚያመርቱ አተነፋፈሳቸው እስከ መዳከም ሊደርስ ይችላል።

በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው 29 በመቶ ያህሉ ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው ገለጹ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ባሕርይ የሚታየው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ ነው። በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተመሳሳይ ዘረመል ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል በአገር ቤት የሚኖሩት ኢንዛይም በስዊድን ከሚኖሩት ይልቅ ዝግ ብሎ እንደሚሠራ አመለከተ። የመኖሪያ አካባቢም የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጥ አገደ፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አሳሰበ።

ይህን የሚሰማ ሰው በሕክምና ላይ ያለው እምነት ቢሸረሸር አይደንቅም። ጥርጣሬው መሠረት የለሽም አይደለም፤ ከ1932 እስከ 1972 በአሜሪካ ተስኪጊ በተካሄደው ጥናት የቂጥኝ ሕሙማን የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ሳይነገራቸውና ሳይታከሙ ቀርተዋል። ዛሬ በሰው ላይ የሚካሄድ ምርምር የተሳታፊውን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴን ይሁንታ እንዲያገኝ የሚጠየቀው ከእንዲህ ያለው በደል በተወሰደ ትምህርት ጭምር ነው።

የኮዴይንን ጉድለት ያጋለጡትም ራሳቸው ተመራማሪዎች ናቸው። ያለ 122ቱ ተሳታፊዎች ያ ግኝት አይገኝም ነበር። ምርምር ያልደረሰበት ሕዝብ የሚወስደው መድኃኒት በሌሎች አካል የተለካ ሆኖ ይቀራል።

ማንም የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። ሆኖም ኮዴይን ወይም ትራማዶል የታዘዘለት ሰው፣ በተለይም የምታጠባ እናት፣ ይህን ጉዳይ አንሥቶ ሐኪሙን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልካም ሐኪምም ጥያቄውን እንደ አለመታመን አይቆጥረውም።