ያረጀ ፈጣን አውቶሞቢል፤ ይያዝ ወይስ ይለወጥ?

ሰው በጐልማሳነቱ የገዛው ፈጣን አውቶሞቢል ዕድሜው ሲገፋ ለባለቤቱ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ያቀርብለታል። አንደኛው የልብ፥ ሁለተኛው የኪስ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጠው ልብ ሲሆን፥ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ኪስ ነው። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው እንዳይሆን፥ በተለይ ከሀገሩ ርቆ ለሚነግድ ሰው ነገሩን አስቀድሞ በዝርዝር መመርመር ይገባል።

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፥ በሆቴልና በምግብ ቤት፥ በውኃ ማመላለስና በልዩ ልዩ ንግድ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂቶች አይደሉም። በከተማው ጐዳና ከፍ ያለው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር የሰለጠነ ቢሆንም፥ ከጃፓን ተገዝተው በኬንያና በኡጋንዳ በኩል ወደዚያ አገር የሚገቡት ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ዓይነት መካከል በምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶች ዘንድ እጅግ የተወደደው ሱባሩ ኢምፕሬዛ ነው። ይህ አውቶሞቢል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ለገበያ ወጣ፤ በ1997 ኮሊን ማክሬ የተባለው ስኮትላንዳዊ የኬንያን የሳፋሪ ውድድር አሸንፎበት ዝናው ከፍ አለ። በዚያ ዘመን የተሠሩት ዛሬ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስለዚህ «ልያዘው ወይስ ልለውጠው?» የሚለው ጥያቄ ለባለቤቶቻቸው የማይቀር ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚመረመረው መንገዱ ነው። ጁባን ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ ጋር የሚያገናኘው 192 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አስፋልት በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2012 ተፈጸመ። በነጭ ዓባይ ላይም በጃፓን እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ በ2022 ተከፈተ። ከእነዚህ ከመሳሰሉት ውጭ ግን የሀገሩ መንገድ አብዛኛው አፈር ነው፤ ዝናቡም ከሚያዝያ ጀምሮ ለብዙ ወራት ሲዘንብ ጭቃ ይሆናል። ሆዱ ዝቅ ያለ አውቶሞቢል በእንዲህ ያለ ስፍራ የሞተር ዘይት መያዣውን በድንጋይ ሊያስመታ ይችላል፤ ዘይቱ ፈስሶ ያለቀበት ሞተር ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነክሳል። በተጨማሪም በደቡብ ሱዳን የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ሲሆን፥ በኬንያና በኡጋንዳ በኩል ከሚገቡት የብዙዎቹ መሪ በቀኝ በኩል ነው። ሾፌሩ በኒሙሌ መንገድ የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከፊቱ የሚመጣውን ለማየት ግማሽ አካሉን ወደ አደጋው ማውጣት አለበት። ፈጣን አውቶሞቢል የያዘ ሰው ደግሞ መቅደም ይወዳል።

ሁለተኛው የሚመረመረው አካሉ ነው። የተበላሸ ሞተር በሌላ ሞተር ይተካል፤ ካምቢዮም እንዲሁ። ሻሲውና ላሜራው በዝገት የተበላ እንደሆነ ግን ባትላሜራው የቱንም ያህል ቢለስነውና ቢቀባው የሚታደሰው መልኩ እንጂ ጥንካሬው አይደለም። ምጽዋ ባሕር አጠገብ የኖረ አውቶሞቢል በአሥመራ ከኖረው እኩያው ቀድሞ የሚያረጀው የባሕሩ ጨው ብረቱን ስለሚበላው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ከማድነቁ በፊት መኪናውን አስነሥቶ ሆዱን፥ የበሮቹን ሥር፥ ጎማዎቹ የሚገቡበትን ክብና ሞላዎቹ የሚታሰሩበትን ስፍራ በመብራት ይይ።

ሦስተኛው በዕድሜ የሚደክሙት ዕቃዎች ናቸው። የዚያን ዘመን የኢምፕሬዛ ሞተር የሚሠራው በቺንጋ ነው፤ ይህም ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት። በሥራ ላይ ሳለ ከተበጠሰ በብዙዎቹ ሞተሮች ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ የአንድ ቺንጋ ዋጋ የሙሉ ሞተር ዋጋ ይሆናል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ሊለወጥ ይገባዋል። የጎማ ዕድሜም በጥርሱ ብቻ አይታወቅም፤ ከጐኑ በተጻፉት አራት ቁጥሮች ይታወቃል። ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከ10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በፍጥነት ሊነዳበት አይገባም። የጁባ ሙቀትም ለጎማ ወዳጅ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች አውቶሞቢሉን ከመለወጥ ይልቅ ጉልበት ሊጨምሩለት ያስባሉ። ለዚህ አሳብ መልስ የሚሰጠው የቦታው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፥ አሥመራ 2,300 ሜትር ያህል ሲሆኑ፥ ጁባ ግን 550 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚያህለውን ያጣል። በአዲስ አበባ ዳገት የደከመ ሞተር በጁባ ሜዳ ያለ ምንም ጭማሪ ኃይሉ ይመለስለታል። ስለዚህ ለጉልበት የታሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ለፍሬን፥ ለጎማና ለሞላ ይዋል። በ25 ዓመት ፍሬን ላይ አዲስ ጉልበት መጨመር ገንዘብ ከፍሎ አደጋ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው ሒሳብ እንምጣ። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በታኅሣሥ 2015 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ለአንድ ዶላር ከ2.96 ወደ 18.5 ገደማ ወረደ። የኢትዮጵያም ብር በሐምሌ 2024 እንዲሁ በተደረገ ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በእንዲህ ያለ ዘመን በደኅና የተያዘ አውቶሞቢል ከተቀመጠ ብር ይሻላል። አውቶሞቢሉን ሽጦ ገንዘቡን በሣጥን የሚያኖር ሰው ለውጡን ከማግኘቱ በፊት ዋጋው እጁ ላይ ይቀልጣል። ሽያጭና ግዢ በአንድ ሳምንት ይፈጸሙ የምንለው ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል መለዋወጫውም በዶላር የሚገዛ መሆኑ አይዘንጋ።

«ወደ ሀገሬ ስመለስ ይዤው እገባለሁ» የሚልም ይኖራል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2020 ያወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ አውቶሞቢልና በትልቅ ሞተር ላይ ታክሱን እጅግ ከፍ አድርጐታል። በ2024 መጀመሪያም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በዚህ ተስፋ አሮጌውን አቅፎ መቆየት ከንቱ ነው። በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው መዛወርም ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚታሰብ ሲሆን፥ ብዙው ሱቅና ቤት በጄኔሬተር በሚኖርበት በጁባ ግን ገና አስቸጋሪ ነው።

«በአዲስ አበባ ፎልስ ቫገን፥ በአሥመራም ፊያት ሰይቸንቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸው ይሄዱ የለምን?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያኖራቸው ውበታቸው አይደለም። ሥራቸው ቀላል በመሆኑ ማናቸውም መካኒክ ያውቃቸዋል። ፎልስ ቫገን እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሠራ ዕቃውም አልጠፋም። የአሮጌ መኪና ዕድሜ በመካኒኩና በመለዋወጫው እጅ ነው። ተርቦ ያለበት ፈጣን አውቶሞቢል ግን የሠለጠነ እጅና ትክክለኛ ዕቃ ይፈልጋል፤ ዕቃውም ከካምፓላ ወይም ከናይሮቢ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል።

በአጭሩ ፍርዱ እንዲህ ነው። አካሉ ከዝገት የዳነ፥ የሚያውቀው መካኒክ በአጠገቡ ያለ፥ ባለቤቱም ለዕለት ሥራው ሌላ መኪና ያለው እንደሆነ፥ አውቶሞቢሉ ይያዝ፤ ደስታም ለሰው ይገባዋልና ማንም አይውቀሰው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል፥ የጐደለውን ለማሟላት የሚጠይቀውን ወጪ በወረቀት አስፍሮ ከአውቶሞቢሉ ዋጋ ጋር ያስተያይ፤ ወጪው ከዋጋው እኩሌታ ካለፈ መሸጡ ይሻላል። ሚስቱንና ልጆቹን በኒሙሌ መንገድ የሚያመላልስበት ብቸኛ መኪናው ከሆነ ግን ሌላ ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ዛሬውኑ በጠንካራውና ከፍ ባለው ይለውጠው። የተሸጠ አውቶሞቢል በገንዘብ ይመለሳል፤ በመንገድ የቀረ ቤተ ሰብ ግን በምንም ዋጋ አይመለስም።