ፊደል ፍለጋ እስከ ሻሸመኔ

ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቀው በአማራ ሳይንት ምድር በ1974 ዓ.ም. የተወለዱት፣ በአምስት ዓመታቸውም በማጅራት ገትር ሕማም ብርሃነ ዐይናቸውን ያጡት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ፣ የሕግ ባለሙያ ሆነው በ2010 ዓ.ም. ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት የበቁት፣ ፊደል ፍለጋ የወሎን ደጋ ለቀው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የሻሸመኔ ካቶሊክ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ከተላኩ በኋላ ነው። ዓይነ ሥውርነታቸው በአካባቢው ከተለመደው የልጅነት ጋብቻ እንዳተረፋቸው ራሳቸው ተናግረዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያን ያህል መንገድ የሚወስዳቸው ያላገኙትን ልጆች በቀዬአቸው ያለችው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ምን ትረባቸዋለች የሚለው ነው።

የአብነት ትምህርት ቤታችን ዓይነ ሥውራን ደቀ መዛሙርትን ሲያስተናግድ ኖሯል፤ የኔታ ቀለም ሲነግሩ ጆሮ ያለው ሁሉ ይቀበላልና፣ ዜማውን ወይም ቅኔውን በቃሉ አጽንቶ ለመምህርነት የበቃ ዓይነ ሥውር ሊቅ ብርቅ አልነበረም። የዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት ቀዳማዊ ሕግ ግን ጸጥታ ነው፤ መጽሐፉ ድምፅ የለውም፣ አንባቢውም እንዳያሰማ ይከለከላል። ጮክ ብሎ ማንበብ የተፈቀደባትን አንዲት ጥግ መለየት፣ ገንዘብ የማይጠይቅ መሻሻል ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት ግን መግባት አለ። የደጋው ክረምት ጎርፍና ጭቃ ስለሚያስቸግር ግንበኛው ወለሉን ከፍ አድርጎ ደረጃ ያበጃል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው ደጃፍ ላይ ይቀራል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል፤ ዘንበል ላለ መውጫ የተለመደው ልክ የከፍታው አሥራ ሁለት እጥፍ ርዝመት ነውና፣ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 3 ሜትር ከ60 የሚሆን ይፈልጋል፤ የአገሩ ድንጋይ ጠራቢም አያቅተውም።

በጣት የሚዳሰሰው የዓይነ ሥውራን ጽሕፈት፣ የብሬል ነገር ከዚህ ይከብዳል። ጸሐፊው ወፍራሙን ወረቀት ስሌት በሚባለው ማስያዣ አጣብቆ፣ ስታይለስ በሚባለው መውጊያ ጫፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ጎልተው ከግራ ወደ ቀኝ ይዳሰሳሉ። እያንዳንዱ የብሬል ምልክት የሚቀመርባቸው ስድስቱ ነጥቦች 63 ምልክት ብቻ ስለሚያወጡ፣ ከ200 የሚበልጠው ፊደላችን አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይቶ ይጻፋል፤ አንዲት ቀጭን መጽሐፍም ብዙ ቅጽ ሆና መደርደሪያውን ታጣብባለች። ስለዚህ ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት የሚቀናው የድምፅ መጽሐፍ ነው። በ2005 ዓ.ም. በማራከሽ የተፈረመውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው ስምምነት፣ የታተመን መጽሐፍ ለዓይነ ሥውራን ጥቅም ለማባዛት የባለመብቱ ፈቃድ የማያስፈልግበትን መንገድ አገሮች በሕጋቸው እንዲከፍቱ ያስገድዳል። ድምፁ የጠራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪና አንድ የእጅ ስልክ ከተገኙ ሥራው ይጀመራል፤ የተቀዳበትንም ሚሞሪ ካርድ ከገበያ የሚመለስ ዘመድ ለሩቁ ቀበሌ አንባቢ ያደርስለታል።