ተጨማሪ መረጃ፦ ጨርቅ የለበሰችው መኪና

የመኪና አካል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ላሜራ ነው። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ያሳያት “ጂና” የተባለች የሙከራ መኪና ግን ለብሳ የወጣችው ጨርቅ ነው። በክሪስ ባንግል የሚመራው የንድፍ ቡድን ውሃ የማያስገባና እንደ ዋና ልብስ የሚለጠጥ ጨርቅ በብረት አጽም ላይ ወጥሮ ሠራት። ለሽያጭ አልቀረበችም፤ የታሰበችው አዲስ ሐሳብ ለመሞከር ነበር።

ጂና ቅርጿን መለወጥ ትችላለች፤ ግን እንዴት? ከጨርቁ ሥር ያሉት የአጽሙ ክፍሎች በኤሌክትሪክና በሃይድሮሊክ ኃይል ሲንቀሳቀሱ ጨርቁ አብሮ ይሳባል፤ ግፊቱ ሲቆም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ነው ተለጣጭነት የምንለው ባሕርይ።

ከሁሉ የሚያስደንቁት የፊት መብራቶቿ ናቸው። ሲጠፉ ከጨርቁ ሥር ተሸፍነው መኖራቸው እንኳ አይታወቅም። ሲበሩ ጨርቁ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው የዐይን ቆብ ቀስ ብሎ ይገለጣል። በሯ ወደ ላይ ሲከፈት ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ያለው ጨርቅ ክንዳችንን ስናጥፍ እንደሚሸበሸብ እጅጌ ይሸበሸባል፤ ሲዘጋ አንድም መስመር ሳይታይበት ይወጠራል። ሞተሯን ማየት የፈለገ ባለሙያ ኮፈን አያነሳም፤ ጨርቁን መሀል ለመሀል እንደ ጃኬት ይከፍተዋል።