ስለ ወህኒ ስምና ስለ ቀድሞው ዘመን ቅጣት

ሰው በማኅበር መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ጥፋትና ቅጣት ተለያይተው አያውቁም። ስለዚህ የአንድን አገር ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የነገሥታቱን ድል ብቻ ሳይሆን፤ ያ አገር በበደለኛው ላይ ሲፈርድ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ሊመረምር ይገባዋል። በኢትዮጵያም ለዚህ ምርመራ በር የሚከፍት አንድ ቃል አለ፤ እርሱም በሁሉ አፍ የሚነገረው ወህኒ የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሰው ይህን ቃል የእስር ቤት ስም ብቻ አድርጎ ያውቀዋል እንጂ፤ ከስሙ በስተኋላ አንድ ተራራ መኖሩን አያስብም።

ተራራውም ከወረታ ከተማና ከፎገራ ሜዳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ፤ በበለሳ አገር የሚገኘው ዙሪያው ገደል የሆነ ወህኒ አምባ ነው። በዚህ አምባ ላይ ይታሰሩ የነበሩት ሌቦችና ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም፤ የነገሥታት ልጆች ነበሩ እንጂ። በሜዳው ላይ ከብቱን የሚያረባው ባላገር ባጠፋ ጊዜ ግን ቅጣቱ ከዚህ የተለየ ነበር። የሁለቱን ነገር አስተያይቶ ማየት ለዛሬ ዳኛና ለዛሬ ካህን ትምህርት ይሆናል።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጠጣ፤ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፥ በበጋ ሣሩ የማይጠፋ፥ በስሙ የሚጠራ የከብት ዘር ያለው አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር ሀብት በእግሩ የሚሄድ ነውና፤ ሌባ በሌሊት ቢነዳው ንጋት ላይ ባለቤቱ ፍለጋውን ብቻ ያገኛል። ሌባው ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ የቀድሞው ሥርዓት አፈርሳታ ወይም አውጫጭ የሚባለው ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ ከሽማግሎቹ ፊት እየቀረበም ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። በግልጥ መናገር የፈራ ሰው «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ምሥጢሩን ያወጣል። ሌባው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ግን የጠፋውን ከብት ዋጋ የአገሩ ሰው በኅብረት ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ጎረቤትን የጎረቤቱ ጠባቂ አድርጎታል፤ ነገር ግን ያልበደለውን ከበደለው ጋር አንድ አድርጎ ያስከፍል ነበር።

ከዚህ የከፋው ሌባ ሻይ የሚባለው ነው። ለአንድ ብላቴና አእምሮን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁትና ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ምስክር በሌለበት ነገር የሰከረ ሕፃን ምስክር ይሆን ነበር። የኋላው ዘመን መንግሥት ይህን ልማድ መከልከሉ ለፍርድ ትልቅ ጥቅም ሆኗል።

የተከሰሰው ሰው በታወቀ ጊዜም እንደ ዛሬው በግንብ ቤት አይዘጋበትም ነበር። በመጀመሪያ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ያጣ እንደ ሆነ ከከሳሹ ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ ወይም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዞ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ይህም ቁራኛ ይባላል። በቁራኛ የተያዙ ሁለት ሰዎች አብረው ይበላሉ፥ አብረው ይተኛሉ፤ ከሳሹም የተከሳሹን ያህል ነጻነቱን ያጣል። ስለዚህ ነገሩን ቶሎ ለማስጨረስ የሚፈልገው ተከሳሹ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን እስራት ፍርድ እስኪሰጥ ማቆያ ነበር እንጂ ራሱ ቅጣት ሆኖ የሚቈጠርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቅጣቱ ካሣ፥ ግርፋት፥ አካል መቍረጥና ሞት ነበረ።

የቅጣቱ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ በእብን አልዐሳል ተሰናድቶ፤ እንደ ትውፊቱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ ይኸውም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ አገራችን ገባ። በ51 አንቀጽ የተከፈለ ሲሆን፤ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በጣዖት አምልኮ በተከሰሱት ላይ እጅግ ጨክነው ነበር፤ ከገዛ ልጆቻቸውም በግርፋት የሞቱ እንዳሉ ዜና መዋዕላቸው ይመሰክራል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ትልልቅ ሹማምንት እንኳ በአደባባይ ሲገረፉ አይቶ ጽፏል።

ነፍስ የገደለ ሰው ሞት የተፈረደበት እንደ ሆነ ለሟቹ ወገኖች ይሰጣል፤ ሊገድሉትም የደም ዋጋ ተቀብለው ሊምሩትም ሥልጣን አላቸው። ካህናት መስቀል ይዘው፥ ሽማግሎችም ድንጋይ ተሸክመው ከደመኛው ፊት የሚወድቁት በዚህ ሰዓት ነው። ሕጉ በደም ዋጋ መታረቅን ባይፈቅድ ኖሮ የካህኑ ልመና ፍሬ ባላገኘ ነበር። እንደዚሁም በጎንደር እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር ገብቶ የተማጸነውን ሰው ማንም አይነካውም ነበር። መማጸኛው ጥፋተኛን ቢያስጥልም፤ የቍጣ ፍርድ እስኪበርድ ጊዜ ይሰጥ ነበር።

የነገሥታቱ ልጆች ነገር ግን ሌላ ነው። ለእነርሱ ከሳሽ የለም፥ ዋስ የለም፥ ቀጠሮም የለም፤ ጥፋታቸው መወለዳቸው ነው። አስቀድሞ በአምባሰል በግሸን አምባ ይታሰሩ ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ራሳቸው ከዚያ ወርደው ነገሡ። ግሸን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ከተያዘ በኋላ ልማዱ ለጊዜው ተቋረጠ። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ1590 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ዘድንግል ከፎገራ ማዶ በጣና ባሕር መካከል ባለችው በደቅ ደሴት ተግዘው ነበር፤ ከዚያ አምልጠው በኋላ ለመንገሥ በቁ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ፋሲለደስ፥ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት፥ ወህኒን የልዑላን እስር ቤት አደረጉት።

ከዚያ አምባ የወረዱት ሰዎች ታሪክ ያሳዝናል። በ1713 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ በካፋ አስቀድመው ከእስር አምልጠው ስለ ነበር፤ በተያዙ ጊዜ ለመንግሥት እንዳይበቁ ተብሎ የአፍንጫቸው ጫፍ ተቈረጠ። ወንድማቸው ዐፄ ዮሐንስ ዳግማዊ በ1761 ዓ.ም. ከወህኒ ወርደው ሲነግሡ እጃቸው የተቈረጠ፥ ዕድሜያቸው ወደ 70 የደረሰ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጥቂት ወር ውስጥም ሞቱ። ዕድሜ ልክ የተዘጋበትን ሰው ዘውድ ብቻውን መልሶ ሰው ሊያደርገው አልቻለም።

እንግዲህ ሜዳውና አምባው ሲተያዩ ነገሩ ግልጥ ነው። የሜዳው ፍርድ ጨካኝ ነበረ፥ በአካል ላይም ይሠለጥን ነበር፤ ነገር ግን ከሳሽ፥ ዋስ፥ ሽማግሌና ፍጻሜ ነበረው። የአምባው እስራት ደም ሳያፈስስ ቢውልም፤ ያለ በደልና ያለ ቀን ገደብ ነበረ። ዘመናዊው እስር ቤት በአገራችን በተቋቋመ ጊዜ ስሙን የወረሰው ከአምባው ነው።

ሕጉ ግን ከዚህ ርቆ ሄዷል። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ እርሱም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ጭካኔ የተሞላበትን ቅጣት ይከለክላል፤ የተያዘም ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። የቤቱም ስም ዛሬ ማረሚያ ቤት ተብሏል።

ስም መለወጥ ግን ቀላል ነው። ዋስ የሚጠራለት ያጣ፥ መዝገቡ የጠፋበት፥ ቀጠሮው በየወሩ የሚተላለፍ እስረኛ ባለበት ስፍራ ሁሉ፤ ቤቱ ማረሚያ ቢባልም አምባው በዚያ ነው። ስለዚህ ሹም የእስረኞቹን ዝርዝር በየጊዜው ይመርምር፤ ዳኛም ቀጠሮ ሲሰጥ እርሱ ራሱ በቁራኛ እንደ ታሰረ ያስብ፤ ካህንም የቀድሞ አባቶቹ በደመኛ ፊት እንደ ወደቁ፤ የታሰረውን ይጠይቅ፥ የተጣላውን ያስታርቅ። ጥፋተኛ ይቀጣ፤ የቅጣቱ ቀን ግን ይታወቅ፤ የተቀጣውም ሰው አይረሳ።