የላንድክሩዘር ጎማ ሲገዙ ጎኑን ያንብቡ

መርካቶ ጎማ ተራ ትንሽ ቆሞ ያየ ሰው የገዢ እጅ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ጥርሱ ላይ ነው። ጣቱን በጥርሶቹ መሀል ይከታል፣ ጥልቀቱን ይገምታል፣ ጎማውን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ዋጋ ይጠይቃል። ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ጥርሱ ያገጠጠውን ከፊት ይደረድራል። ጥርስ ላይ የገባ ምስማር ግን ጎሚስታ ቤት ግማሽ ሰዓት ቢያስቀምጥ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ይጣላል። ስለ ጎማው መታወቅ ያለበት አብዛኛው ነገር የተጻፈውም እዚያው ማንም በማያየው ጎኑ ላይ ነው።

ሰው ከጥርሱ ስለሚጀምር እኛም ከዚያው እንጀምር። ለፕራዶ፣ ለቪኤይት ወይም ለሀርድቶፕ የሚሸጡት ጎማዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። የአስፋልቱ ኤችቲ ይባላል፤ ጥርሱ የተጠጋጋ፣ ቦዩ ጠባብ ነው። የጭቃው ኤምቲ ነው፤ ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱም ሰፊ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ኤቲ፣ በተለምዶ ኦል ተሬን የምንለው ነው። ቢኤፍ ጉድሪች የመጀመሪያውን ራዲያል ኦል ተሬን ለገበያ ያቀረበው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ የራሱን ኤቲ የማይሠራ ትልቅ ፋብሪካ የለም ማለት ይቻላል።

የመሀሉ ጎማ ለምን አስፈለገ? አስፋልትና ጭቃ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ስለሆነ ነው። አስፋልት ላይ ጎማ የሚይዘው ላስቲኩ በመንገዱ ጥቃቅን ሸካራዎች ውስጥ እየተጫነ ስለሚገባ ነው፤ ስለዚህ መሬት የሚነካው ላስቲክ በበዛ ቁጥር ይሻላል። ጭቃ ላይ ሥራውን የሚሠራው ክፍተቱ ነው። ጥርሱ ይቆፍራል፣ ክፍተቱ ጭቃውን ይቀበላል፣ ጎማው ሲሽከረከር ደግሞ መልሶ ይወረውረዋል። ላስቲኩን ሲጨምሩ ክፍተቱ ያንሳል፤ ክፍተቱን ሲያሰፉ ላስቲኩ ያንሳል። ኦል ተሬን ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይዞ፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አጥቶ የተሠራ ነው። አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ከበድ ስለሚል ነዳጅ ይጨምራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ከጥሩ የአስፋልት ጎማ ዘግይቶ ይቆማል። ከእንጦጦ በሐምሌ ዝናብ የሚወርድ ሰው ይህቺን የመጨረሻዋን ልብ ቢላት ጥሩ ነው።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መኪናው ከቦሌ ሳሪስ፣ ሲበዛ እስከ ሐዋሳ ከሆነ የሚሄደው ኤችቲ ይበቃዋል። ከተማ ውስጥ በኤምቲ የሚሄድ ቪኤይት ለዓይን ያምራል፤ ባለቤቱ ግን በየቀኑ ለጩኸቱና ለነዳጁ ይከፍላል። ዓመቱን አስፋልት ላይ ከርሞ አልፎ አልፎ ጠጠርና ኮረኮንች ለሚወጣ፣ ወደ ቱርሚ ለሚወርድ፣ የሰሜን ተራሮችን ወይም የሳነቲን አምባ ለሚያቋርጥ ቤተሰብ ኦል ተሬን የተሠራው ለእሱ ነው። የጠጠር መንገድ ደግሞ የኦል ተሬን እውነተኛ አገሩ ነው። ላስቲኩ በድንጋይ ቶሎ እንዳይቦጨቅ ተደርጎ ይቀመማል፤ በብዙዎቹ ላይ በቦዩ ወለል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎችም ለጌጥ አይደሉም። ጠጠር በጥርስ መሀል ተሰንቅሮ ወደ ውስጥ እየቦረቦረ እንዳይገባ መልሰው ይተፉታል።

ዋልካ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ጎማው ጥቂት ዙር እንደዞረ ክፍተቶቹ በሙሉ ይሞሉና ጥርስ የነበረው ነገር ለስልሶ ይቀራል። የኦል ተሬን ክፍተት ይህን ጭቃ አራግፎ ለመጣል አይበቃም። የጭቃ ጎማ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በፍጥነት ካልተሽከረከረ አይጸዳም። የአካባቢው ሹፌሮች ዝናብ ሲጥል ዳር ይዘው ቆመው ፀሐይ እስኪወጣ ሻይ ሲጠጡ ስንፍና የሚመስለው መንገዱን የማያውቅ ሰው ነው። ለዚህ መንገድ የሚበጀው ከጎማ ይልቅ ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ጎኑ። የዛሬው ራዲያል ጎማ ሲሠራ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው የተዘረጉ የክር ንጣፎች አሉት፤ ከጥርሱ ሥር ደግሞ የብረት ሽቦ ቀበቶዎች ይታሰሩበታል። እነዚህ ቀበቶዎች ያሉት ከጥርሱ ሥር ብቻ ነው። ጎኑን የሚሸከመው ክሩና ላስቲኩ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሁለት ንጣፍ፣ በጠንካሮቹ ላይ ሦስት ይሆናል። በረባሶ ሠሪዎች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፤ ሽቦ ያለበት ላስቲክ ለቢላ አይመችም።

ጎን ለምን አይጠገንም? ስለሚታጠፍ ነው። 265/65R17 የሚባለው ጎማ 77 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ400 ጊዜ በላይ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዱ የጎን ክፍል መሬት ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ሲያልፍ ይዘረጋል። መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። ከጥርሱ ሥር የተደፈነ ቀዳዳ በሽቦው ቀበቶ ስለሚያዝ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ጎን ላይ የተደፈነ ግን በየዙሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጎሚስታው "ይይዛል" ቢልዎት እንኳን እስከሚቀጥለው ከተማ ቀስ ብለው ለመድረስ እንጂ ለኑሮ አይሁን። በአፋር የኤርታሌ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ፣ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የቀዘቀዘው፣ ስለት አለው። እዚያ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያገጥጥ አያድንም፤ የሚያድነው ባለ ሦስት ንጣፍ ጎንና ከድንጋይ ጎማውን አርቆ የሚነዳ ሹፌር ነው።

ጽሑፉን እናንብብ። 265/65R17 112S ሲል፣ 265 በሚሊ ሜትር ስፋቱ ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 172 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። አር ራዲያል ማለት ነው፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። 112 ኪሎ ግራም አይደለም፣ የሸክም መለያ ቁጥር ነው፤ ሲተረጎም 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ኤስ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። የሸክሙ ቁጥር ከፋብሪካው ጎማ ቁጥር በታች የሆነ ጎማ በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ፤ ጣሪያው ላይ ጀሪካንና ድንኳን፣ ውስጡ ሰባት ሰው ሲጫን የሚቆጠረው ያኔ ነው።

ከመጠኑ ፊት ኤልቲ የሚል ፊደል ካለ ጎማው የተሠራው ለጭነት መኪና ክብደት ነው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ የሚሉ የጥንካሬ ደረጃዎች አሉት፤ ኢ "10 ፕላይ" የሚባለው ነው። አሥር ንጣፍ በውስጡ አለ ማለት አይደለም፤ ድሮ አሥር የጥጥ ንጣፍ ይሸከመው የነበረውን ያህል ይችላል ለማለት የቀረ አጠራር ነው። ብዙ ሻጭ የማይነግርዎት አንድ ነገር ግን አለ። ኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከተራው ጎማ የበለጠ አየር ይፈልጋል። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የአየር መጠን የፋብሪካው ጎማ ልክ ነው። ኤልቲ አስገጥሞ በዚያው መጠን የሚሄድ ሰው ጠንካራ ጎማ ገዝቶ ደካማ አድርጎ እየነዳ ነው። አየሩ ሲጨመር ደግሞ ባዶ መኪና ኮረኮንች ላይ ይነጥራል፣ ወገብ ያውቀዋል። ስለዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ፕራዶ ተራውን ኦል ተሬን፣ ለዳናክል የሚጫን ሀርድቶፕ ኤልቲን እመርጣለሁ።

ተለቅ ያለ ጎማ ማስገጠምስ? ከ265/65R17 ወደ 265/70R17 ቢወጡ ቁመቱ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው ግን በግማሹ፣ በ13 ሚሊ ሜትር ነው። በለውጡ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል እውነቱ 103 አለፍ ይላል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይከብደዋል። 13 ሚሊ ሜትር አውራ ጣት አይሞላም።

ትልቅ ቸርኬ ደግሞ የባሰ ነው። የቪኤይት 285/60R18 ጎማ ጎኑ 171 ሚሊ ሜትር ነው። 285/50R20 ሲያደርጉት የመንኮራኩሩ ጠቅላላ ቁመት እምብዛም ሳይለወጥ ጎኑ 142 ላይ ይወርዳል። ላስቲክ ቀንሰው ብረት ጨመሩ ማለት ነው፤ ጉድጓድ ሲመጣ ቸርኬው ነው የሚቀበለው። ከዚህ ሁሉ በላይ የማየው ግን ሌላ ነው፦ ያ መጠን ከከተማ ርቀው ይገኛል ወይ? 265/65R17ን ፕራዶም ሃይሉክስም ስለሚጋሩት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የገጠሩ ሀርድቶፕ ባለ ከመነዳሪው 7.50R16 ቀጭንና ያረጀ ቢመስልም አይናቅም። የትም ወልቆ፣ ከመነዳሪው ተለጥፎ፣ በእጅ ፓምፕ ተነፍቶ ይሄዳል።

ዕድሜውም ጎኑ ላይ አለ። ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ይፈልጉ። 2319 ማለት ጎማው የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ግንቦት መጨረሻ 2011 ዓ.ም. ይሆናል። ስምንት ዓመት ልዩነት ያለውን ዘመን ሳያሰላ "ያረጀ ነው" ብሎ የሚጨቃጨቅም፣ "አዲስ ነው" ተብሎ የሚታለልም አይጠፋም። ላስቲክ መጋዘን ውስጥ ሳይነዳም ይደርቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ጥርሱ ቢኖርም እንዲለወጥ ይመክራሉ። በተራራ ሥዕል ውስጥ ያለችው የበረዶ ቅንጣት ደግሞ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ መሆኑን ትናገራለች፤ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ላለ ወንድም ትጠቅማለች፣ አዲስ አበባ ላይ ተጨማሪ ዋጋ ከተጠየቀባት አይክፈሉ።

ጎማውን ገዝተው ሲያስገጥሙ ጎሚስታው "ጋሼ፣ ስንት ልሙላ?" ይላል። መልሱ ከጥርሱ ምርጫ የበለጠ ዋጋ አለው። መኪናውን የሚሸከመው አየሩ ስለሆነ፣ አየሩ ሲቀንስ ጎማው መሬት ላይ ይረዝማል። ከ35 ፒኤስአይ ወደ 18 ሲወርድ መሬት የሚነካው ስፋት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ አሸዋ ላይ የሚያሳልፈው ይህ ነው። በዚያ አየር አስፋልት ላይ መፍጠን ግን ጎኑን ከመጠን በላይ እያጠፈ ያግለዋል፤ ስለዚህ አየር መሙያ ያልያዘ ሰው አየር ማስወጣት የለበትም።

አገራችን ደግሞ ቁልቁለቷ ብዙ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ። ወደ ታች ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 4 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ሙቀቱ ደግሞ በጎማው ውስጥ ያለውን አየር ይነፋዋል፤ ከ15 ዲግሪ ወደ 45 ሲገባ ወደ 5 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱ ተጣፍተው አዲስ አበባ ጠዋት በብርዱ 35 የተሞላ ጎማ ዳሎል ላይ ቆሞ ሲለካ 36 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ፈርተው ከአዲስ አበባ አየር ቀንሰው አይነሱ፤ እየነዱ የጋለውን ጎማም ለክተው "በዛ" ብለው አያስወጡ። ልኬት ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ጎማ ነው።

ሲገዙ አራቱን በአንድ ጊዜ፣ ከተቻለ አምስቱን ይግዙ። ፕራዶና ቪኤይት አራቱም እግራቸው ዘወትር የሚጎትት ስለሆነ የአዲስና ያረጀ ጎማ ቁመት ልዩነት መሀል ያለውን ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ያሠራዋል። ስኮርታውም ያው መጠን ይሁን። ከመኪናው ሥር የሚንጠለጠል ከሆነ ከመንገድ በፊት አንድ ጊዜ አውርደው ይመልሱት፤ ማውረጃው በጭቃና በዝገት ተይዞ የሚገኘው ሁልጊዜ በሚፈለግበት ቀን ነው። አየሩን ይለኩ፤ ከክሪኩ ጋርም በለስላሳ መሬት ላይ ሥሩ የሚነጠፍ ሰፋ ያለ ጣውላ ይያዙ።